ያለ ፈቃድ የበቀለች

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ደምበልን አለፍ ብሎ፣ አንድ የፎቅ ባለቤት ነበረ። ሰውየው ጠርጣራ ነው። በሩ ላይ ካሜራ፣ ደረጃው ላይ ካሜራ፣ ጓሮው ላይ ካሜራ፤ ሊፍት ውስጥ ያስነጠሰ ተከራይ እንኳ አያመልጠውም። «እኔ ያላየሁትን አላምንም» ይላል። ይህን ሲል ደግሞ ዞር የሚለው ወደ ጥበቃው ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው ቅዱስ እስጢፋኖስን ሳይሳለሙ ሥራ አይገቡምና።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። አንድ ጠዋት ባለ ፎቁ ቀና ቢል፣ ከሦስተኛው ፎቅ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ቅጠል ብቅ ብሏል። የዋርካ ችግኝ!

«ማነው ሳያስፈቅደኝ የተከለው?»

«እኔስ አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ካሜራው አይቷል።»

ቁጭ አለ። ቀረጻውን ወደ ኋላ ይመልስ ጀመር። ማክሰኞን መለሰ፣ ሰኞን መለሰ፤ ሰው የለም። ሳምንቱን መለሰ፤ ዝናብ ብቻ። ቡናው ቀዘቀዘ፤ ሌላ ቡና መጣ፣ እሱም ቀዘቀዘ። ተከራይ ኪራይ ይዞ ቢመጣ «ነገ» አለው፤ በዚያ ፎቅ ታሪክ ይህ ተሰምቶ አይታወቅም። ነሐሴን አለፈ። ሐምሌ ላይ ሲደርስ አንዲት ጭራ ረጅም ወፍ መጣች፣ ስንጥቁ ጫፍ ላይ አረፈች፣ ኩሷን ጣል አድርጋ ሄደች።

«አገኘኋት!» ጠረጴዛውን መታ። «አዩ አባባ? ተካይ የለም። ወፍ ናት፤ በቃ፣ ወፍ!»

ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩ። «እውነትም ወፍ ናት። ወፏንስ ማን አበላት?»

«ዋርካ ላይ ለቅማ ነዋ።»

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሱት።»

ባለ ፎቁ ጣቱን ሰደደ፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ተደምስሷል። ችግኟን በማግስቱ አስነቀላት፤ አይፈረድበትም፣ የዋርካ ሥር ግንብ ይሰነጥቃል። መሰላሉን የያዙትም ሽማግሌው ናቸው።

ቀረጻው ባይደመሰስ ኖሮ ምን ይታይ ነበር? የዋርካ አበባ ውጭ አይወጣም፤ ፍሬ በሚመስለው ክብ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ ይፈካል። ወደዚያ የምትገባው ከጉንዳን የምታንስ ተርብ ናት። በሩ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ክንፏ እዚያው ይቀራል። ከሌላ ዋርካ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሞታለች። ክንፍ አልባ ሆነው የሚፈለፈሉት ወንዶቹ ለሴቶቹ መውጫ ይቦረቡራሉ፤ መብረር የእነሱ ድርሻ አይደለም። ሴቶቹ ዱቄቱን ተሸክመው ወጥተው ሌላ ዋርካ ይፈልጋሉ። ተርቧ ከሌለች ዋርካው ዘር የለውም፣ ዋርካው ከሌለ ተርቧ መዋለጃ የላትም፤ ያችም ወፍ ጾሟን ታድር ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ በምዕራፍ 1 ቁጥር 20፣ ሰው «ፈጣሪን አላየሁም» ብሎ ማመካኘት እንደማይችል የተናገረው እንዲህ ያለውን ፍጥረት ምስክር ጠርቶ ነው።

«ተርብና ዋርካ በብዙ ዘመን ተላምደው ነው» የሚል ሊቅ ይኖራል። ይሁን፣ ልክ ነው። ሽማግሌውም ወፏን አልካዱም።