ዘይት የማያይ ምስክር

በአንድ ከተማ አንድ የዘይት ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ሰኞ ማታ ከማጣሪያው የሚወጣው ትኩስ ዘይት ታንከር ሲገባ 10,000 ሊትር ይሆናል፤ ሐሙስ ጠዋት ወደ ጀሪካን ሲቀዳ ግን 300 ሊትር ገደማ ይጎድላል። በየሳምንቱ እንዲሁ ነው። የታንከሩ ቁልፍ የሚገኘው በአንድ ወጣት የመጋዘን ሠራተኛ እጅ ብቻ ነበርና ባለቤቱ «ሌባዬን ዐውቄዋለሁ፤ የቀረኝ ምስክር ነው» አለ።

ምስክር ሊገዛ ገበያ ወጣ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ከሁሉ ውዱን፣ ቁጥሩ በመስታወቱ ላይ የሚያበራውን ኤሌክትሮማግኔቲክ የፍሰት መለኪያ መረጠ። ሻጩ በቧንቧው ምን እንደሚያልፍ አልጠየቀም፤ ገዢውም አልነገረውም። ሻጩን ብቻ አልወቅስም፤ ሁለቱም የተነጋገሩት ስለ ዋጋና ስለ መረከቢያ ቀን ነበር።

መለኪያው ተገጠመ። ዘይቱ ወደ ታንከሩ ሲንዶቀዶቅ በዐይን እየታየ መስታወቱ ዜሮ ያነባል። ባለቤቱ «ይኸው! መለኪያውንም አበላሸብኝ!» ብሎ ጮኸ። ወጣቱ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ፤ የወር ደመወዙ ተይዞበት ተባረረ።

በዚያ ፋብሪካ ቦይለር የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ነበር። ከዚያ በፊትም ስለ ግፊት መለኪያው ደጋግሞ አመልክቶ የሚሰማው አላገኘም። ቦይለሩ የሚሠራው በ7 ባር ሲሆን የተገዛለት ጌጅ እስከ 40 ባር የሚያነብ፣ የትክክለኛነት ደረጃው 1.6 የሆነ ነው። እንዲህ ያለው ጌጅ ከሙሉ ንባቡ 1.6 በመቶ፣ ማለትም 0.64 ባር ቢሳሳት ደረጃው ይፈቅድለታል። እስከ 10 ባር የሚያነብ ቢገዛ ኖሮ የሚፈቀደው ስህተት 0.16 ባር ብቻ ይሆን ነበር። ሰው ግን ትልቁን ቁጥር ሲያይ የተሻለ ዕቃ ያገኘ ይመስለዋል።

ሽማግሌው የተባረረው ልጅ ነገር እንቅልፍ ነሣው። ወደ ባለቤቱ ቀርቦ «ጌታዬ፣ ይህን ዕቃ ፈትተን ውኃ መስመር ላይ እንግጠመው» አለ። ሲገጠም ወዲያው መቁጠር ጀመረ፤ በበርሜል ቢያመሳክሩትም ልክ ሆነ።

«ዕቃው ደኅና ነው» አለ ሽማግሌው። «የሚቆጥረው ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ሲያልፍበት ነው። ዘይት አያስተላልፍም። እርስዎ ያላየውን እንዲመሰክር ነው ያቆሙት።»

ባለቤቱ ዳግመኛ ገበያ ሲወጣ ሽማግሌውን አስከትሎ ነው። ሽማግሌው አስቀድሞ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብሎ በወረቀት ጽፎ ነበር፦ የምግብ ዘይት፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ፤ የቧንቧው ስፋት ይህን ያህል፤ በሰዓት የሚያልፈው ሲያንስና ሲበዛ ይህን ያህል፤ የፓምፑ ግፊት ይህን ያህል። ወረቀቱን ያየ ሻጭ ውዱን ዕቃ ወደ ጎን አድርጎ ሌላ አወጣ። በሆዱ ሁለት ሞላላ ጥርሳም መዘውሮች ይዞራሉ፤ በእያንዳንዱ ዙር የታወቀ መጠን ብቻ ያሳልፋሉ፤ ለወፍራም ፈሳሽ የተመቹ ናቸው። ቆሻሻ ስለሚያንቃቸው ከፊታቸው ማጥለያ ያስፈልጋል፤ እሱም አብሮ ተገዛ። የካሊብሬሽን ሰርተፍኬቱን ሳያዩም ገንዘብ አልከፈሉም።

ሰኞ ማታ መለኪያው 10,000 ሊትር አነበበ። ባለቤቱ ታንከሩን በገዛ እጁ አሽጎ ሦስቱንም ሌሊት አጠገቡ አደረ። ሰው ዝር አላለም። ሐሙስ ጠዋት መለኪያው ወደ መውጫው ተዛውሮ ዘይቱ ሲቀዳ 9,720 ሊትር ላይ ቆመ።

ባለቤቱ ክው አለ። ሽማግሌው ቴርሞሜትሩን ከጀሪካኑ አውጥቶ አሳየው። «ሰኞ 60 ዲግሪ ነበር፤ ዛሬ 20 ነው። ከ10,000 ሊትር ዘይት በአንድ ዲግሪ ቅዝቃዜ 7 ሊትር ያህል በመኮማተር ይቀንሳል። በ40 ዲግሪ 280 ማለት ነው። በሚዛን ቢያስመዝኑት አንድ ኪሎ አልጎደለም።»

ባለቤቱ በዚያው ቀን ወጣቱ ቤት ድረስ ሄዶ የያዘበትን ደመወዝ ሰጠው፤ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊትም ይቅርታ ጠየቀው። ወጣቱ ደመወዙን ተቀበለ፤ ይቅርታም አደረገ። ወደ ፋብሪካው ግን አልተመለሰም።