ጠብመንጃ በግል እጅ፦ ይጠብቃል ወይስ ያስገድላል?



በመጠለያችን ማታ ማታ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ሌባ ገብቶ የአንዱን ሬሽን፣ የሌላውን ብርድ ልብስ በወሰደ ቁጥር፣ «ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ አዋጥተን አንድ ክላሽ ብንገዛ ማን ይደፍረን ነበር?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጆች ያሏቸው፣ ሌሊቱን በሥጋት የሚያነጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በዝምታም ሆነ በቁጣ ማለፍ አይገባም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ መሣሪያ በግለሰቦች እጅ መኖሩ ወንጀልን ይቀንሳል ወይስ ያበዛል? ከዚህም የሚከተል ሌላ ጥያቄ አለ፦ ለራሳችን ጥበቃ ብለን የምንይዘው መሣሪያ ለጎረቤታችን ምኑ ነው? (ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ጠብመንጃ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ምንሽሩ፣ አልቤኑ፣ ናስማሰሩ ምሰሶ ላይ በተሰቀለበት ቤት ያደግን ብዙ ነን። ለገበሬው መሣሪያ የማዕረጉ ምልክት፣ የርስቱ ዋስ፣ የሠርጉና የለቅሶው ክብር ነበር። ወራሪንም የተከላከለው በእርሱ ነው። ነገር ግን ያው ጠብመንጃ ድንበር በተገፋ ቀን ወንድምን በወንድም ላይ አስነሥቷል። ደም መላሽ የአባቱን ቂም ይዞ መንገድ ላይ ያደፈጠው በዚያው ጠብመንጃ ነው። አንዱ ዕቃ ሁለት ታሪክ አለው፤ አንዱን ብቻ የሚነግረን ሰው ግማሹን ደብቆናል።

በመጀመሪያ የመሣሪያ ደጋፊዎችን እንስማ። ሁለት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። አንደኛው እዚሁ ናይሮቢ የሆነ ነው። በ2013 ታጣቂዎች የዌስትጌትን የገበያ ማዕከል ወርረው 67 ሰዎች በገደሉ ጊዜ፣ ጦሩ ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጥ ዘልቀው ብዙዎችን ያወጡት ጥቂት ፖሊሶችና ፈቃድ ያለው ሽጉጥ የያዙ ነዋሪዎች ነበሩ። ሁለተኛው በኡጋንዳ የካራሞጃ ጉዳይ ነው። መንግሥት በ2001 መጨረሻ ከካራሞጆንግ አርብቶ አደሮች መሣሪያ መሰብሰብ ጀመረ። ብዙዎች አስረከቡ። ይጠብቃችኋል የተባለው ሠራዊት ግን ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ግንባር ተንቀሳቀሰ። ያላስረከቡት ጎረቤቶቻቸውም መጥተው ከብቶቻቸውን ነዱባቸው። ታዝዞ የሰጠው ተዘረፈ፤ ደብቆ ያስቀረው ዳነ። ይህን እያየን «መሣሪያ ጥቅም የለውም» ብንል ሐሰት ይሆናል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ማስረጃዎች የሚያሳዩት አንድ ቀን የሆነውን፣ ወይም ሕግ በሌለበት ቦታ የሚሆነውን ነው። ዓመት ከዓመት ምን ይሆናል የሚለውን ለማየት መሣሪያ የሞላበትን አገር መመልከት ይገባል። ጄኔቫ ያለው «ስሞል አርምስ ሰርቬይ» የተባለው የጥናት ድርጅት በ2017 ለነበረው ሁኔታ ባወጣው ግምት፣ በአሜሪካ ለ100 ሰው 120 ያህል የግል መሣሪያ ነበረ። እንግዲህ መሣሪያ ሌባን የሚያስፈራ ከሆነ በዚያ አገር ሌባ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ስርቆቱና ቤት ሰብሮ መግባቱ ከሌሎች ሀብታም አገሮች ጋር የተቀራረበ ነው። ግድያው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ የምንማረው፣ መሣሪያ ሰውን ሌባ ባያደርገውም ጠቡን ወደ ሞት እንደሚያደርሰው ነው። በቡጢና በዱላ ተጀምሮ በሽማግሌ ያልቅ የነበረ ነገር በጥይት ያልቃል። በጥይት ያለቀውን ደግሞ ሽማግሌ አይመልሰውም።

ሌላም አለ። በ2021 በአሜሪካ በመሣሪያ ከሞቱት ከ48,000 በላይ ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በራሳቸው እጅ የሞቱ ናቸው። ይህን ቁጥር እኛ ስደተኞች ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። ጉዳዩ ለዓመታት መልስ ያጣ፣ ቤተሰቡ የተበተነበት፣ ቀኑ ሁሉ አንድ የሆነበት ሰው በመካከላችን አለ። የሰው ተስፋ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚያች ክፉ ሰዓት አጠገቡ ክላሽ ካለ ግን ነጋ ብሎ የሚነሣበት ዕድል ያጥራል። «ለሌባ» ተብሎ የተገዛው መሣሪያ ከሌባው በፊት የቤቱን ሰው ያገኛል።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። በስዊዘርላንድ ብዙ ቤቶች መሣሪያ አላቸው፤ ግድያ ግን ጥቂት ነው። በሆንዱራስ የግል መሣሪያው ለሕዝቡ ቁጥር ሲመዛዘን ከስዊዘርላንድ ያንሳል፤ ግድያው ግን እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ መሣሪያው ስንት ነው ከማለት ጋር፣ በማን እጅ ነው፣ በምን ሕግ ይጠየቃል፣ ሰውስ የተበደለ ጊዜ የሚጮኽበት ደጅ አለው ወይ ማለት ያስፈልጋል።

ይህን ለማየት ወደ ጊጊሪ መሄድ ይበቃል። ለጉዳዩ ወደዚያ የዘለቀ ሰው ያውቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት ሰፊ ግቢ፣ ኤምባሲዎች፣ የታላላቅ ሰዎች መኖሪያ እዚያ ነው። በየበሩ የሚቆሙት የግል ዘበኞች አብዛኞቹ የያዙት ሩንጉ የሚባለውን ቆመጥ እንጂ ጠብመንጃ አይደለም። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ጊቶጎሮ የሚባል የቆርቆሮ መንደር አለ። ሕጉ አንድ፣ ከተማውም አንድ ነው። የጊጊሪን ሰው የሚያስተኛው በትራሱ ሥር ያለ ሽጉጥ አይደለም። መንገዱ መብራት አለው፣ አጥሩ ጠንካራ ነው፣ በአካባቢው ፖሊስ ቆሟል፣ ሲደወል የሚደርስ መኪና አለ። መሣሪያ የለም አንልም፤ አለ። ግን ያለው ስሙ ተመዝግቦ በሚጠየቅ ሰው እጅ ነው። የቆርቆሮው መንደር ሰው የጎደለው ሽጉጥ ሳይሆን ይህ ሁሉ ነው። እኛም የጎደለን ይኸው ነው።

መሣሪያ ሌላ ጠባይም አለው፤ ከገዛው ሰው ጋር አይቀመጥም። በ1979 ኢዲ አሚን ሲወድቅ የሞሮቶ ጦር ሰፈር ተዘርፎ መሣሪያው በካራሞጃ ተበተነ። በ1991 በጥር የዚያድ ባሬ፣ በግንቦት የደርግ መንግሥት ሲወድቁ ወታደሩ ክላሹን በየመንገዱ እየሸጠ ተሰደደ። ያ መሣሪያ ወደ ሰሜን ኬንያ ገባ። ቀድሞ በጦር ይደረግ የነበረው የከብት ዘረፋ መንደር የሚጨርስ ሆነ። መሣሪያው የተሠራው አገር ለመጠበቅ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው ግን በሽፍታ ትከሻ ላይ ነው። እኛ አዋጥተን የምንገዛው አንድ ክላሽስ ከአምስት ዓመት በኋላ በማን ትከሻ ይገኝ ይሆን? ገዢው ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ ለማን ያወርሰዋል?

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፦ «መሣሪያ ከሕዝብ እጅ ይውጣ የሚለው ማን ነው?» ይህን የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ምክንያት አለው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ የአንዱ መሣሪያ ተወሰደ፤ የቀበሌው ጥበቃ ግን ታጠቀ። ከዚያ የሆነውን የምናውቅ እናውቀዋለን። በቅርቡም በ2012 ዓ.ም. የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶ መሣሪያ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ታዘዘ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል በአማራ ክልል «ማን ይጠብቀናል?» የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ውጊያ ሆነ። አዋጅ መሣሪያን ሊመዘግብ ይችላል፤ እምነትን ግን በአዋጅ ማስረከብም ማስረከቢያም የለም።

ከዚህ ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ እንደርሳለን። «መሣሪያህን ጣል» የሚል ሁሉ «እኔ እጠብቅሃለሁ» የሚል ዕዳ ይገባበታል። ዕዳውን ሳይከፍል መሣሪያውን ብቻ የሚወስድ ሰው ደካማውን ለጉልበተኛ አሳልፎ ይሰጣል፤ ካራሞጃ ምስክር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጥበቃን እያንዳንዱ ለብቻው የሚገዛው ዕቃ ካደረግነው መጨረሻ የለውም። እኛ አንድ ስንገዛ ጎረቤት ብሎክ ሁለት ይገዛል። ከመጠለያው ውጭ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ስደተኛው ታጠቀ ብሎ እንደ ጦር ሰፈር ያየናል። ሁሉም ከትናንት የበለጠ ይታጠቃል፤ ሁሉም ከትናንት የበለጠ ይፈራል።

ለስደተኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። የተጠለልነው ሰላማውያን ነን ብለን ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የ1969 የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ በመሣሪያ ሌላውን አባል አገር እንዳያጠቃ አስተናጋጁ መንግሥት ይከልክል ይላል። በ2004 በናይሮቢ የተፈረመውና ኢትዮጵያም የፈረመችው ፕሮቶኮል አውቶማቲክ ጠብመንጃ በሲቪል እጅ እንዳይኖር ይከለክላል። በአንድ ጎጆ የተገኘ አንድ ክላሽ የሁላችንንም ስም ይለውጣል። ሌባው የሚወስደው ብርድ ልብስ ነው፤ ክላሹ የሚያስወስደን መጠለያውን ነው።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። በዳዳብ መጠለያዎች በ1990ዎቹ ማገዶ ፍለጋ የሚወጡ ሴቶች በሽፍቶች ይደፈሩ ነበር። በ1998 ማገዶ ማደል ተጀመረ። ማገዶ በሚታደልባቸው ወራት ጫካ ውስጥ ይደርስ የነበረው ጥቃት ቀነሰ። በሌላ ቦታ የሚደርሰው ግን አልቆመም፤ ሥራው ምሉዕ አልነበረም። ቢሆንም ማንም ሳይታጠቅ፣ አደጋውና ሰው የሚገናኙበት መንገድ በመዘጋቱ ብቻ የተረፉ ሴቶች አሉ።

ስለዚህ የምናዋጣው ገንዘብ ለፊሽካና ለባትሪ ይሁን። በየብሎኩ በተራ ሮንድ እንውጣ፤ ሴቶች ለማገዶ ሲወጡ በቡድን ይሁን። የፖሊስ ጥበቃና መብራት የምንጠይቀው እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደሚገባን ዕዳ ነው፤ በጽሑፍ፣ በስማችን፣ ደጋግመን እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሌባ አንድ ሌሊት ሊገባ ይችላል። ያን ሌሊት ብርድ ልብስ እናጣ ይሆናል። በማግስቱ ግን የምንቀብረው ሰው የለም፤ ደሙን የሚመልስም ልጅ አይኖርም።

በዚህ የማይስማማ ሰው ቢኖር ሐሳቡን ጽፎ ይስጠን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለታለን።