የጽንስ ዕድሜና የቆጣሪው ኃላፊነት

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ከፅንሰቱ ቀን ሳይሆን እናት ለመጨረሻ ጊዜ የወር አበባ ካየችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። በሕክምና ካርድ ላይ «10 ሳምንት» ተብሎ የሚጻፈው ጽንስ ከተፀነሰ ገና ስምንት ሳምንት ገደማ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዕድሜ የሚቆጠርለት ጽንስ ራሱ የለም። ሐኪሞች እንዲህ የሚቆጥሩት ሕይወት መቼ ይጀምራል በሚለው ክርክር ወገን ይዘው አይደለም። ፅንሰት የሚፈጸምበትን ሰዓት ማንም አያይም፤ ሴቲቱ ግን ደሟን አይታለች፣ ቀኑንም ልታስታውስ ትችላለች። ስለዚህ የጽንስ ዕድሜ ከሥሩ በምስክርነት ላይ የቆመ ዕውቀት ነው። አልትራሳውንድ በሌለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ከምስክርነቱ ሌላ ብዙ የሚያዝ ነገር የለም። እርግጠኛ ባልሆነ ቁጥር ተመርኩዞ በእናትና በልጅ ሕይወት ላይ መወሰን እንዴት ይገባል የሚለው ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ቁጥሩን ሃይማኖቶች ከዘመናዊ ሕክምና ቀድመው ፈልገውታል። መጽሐፈ ጥበብ ሰው በእናቱ ማህፀን ሥጋ የሚለብስበትን ጊዜ አሥር ወር ይለዋል፤ ወሩ 28 ቀን ቢባል አዋላጆች ዛሬ የሚጠቀሙበት 280 ቀን ይሆናል። የአይሁድ ታልሙድ የእርግዝናን ርዝመት ከ271 እስከ 273 ቀን ያደርሰዋል፤ 40 ቀን ያልሞላውን ጽንስም እንደ ውሃ ይቆጥረዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ጽንሱ ሦስት አርባ ቀኖችን ካለፈ በኋላ ሩሕ (ነፍስ) ይነፋበታል። ይህ 120ኛ ቀን በሕክምናው አቆጣጠር 19 ሳምንት ገደማ ይሆናል፤ የበኩር ልጇን ያረገዘች ሴት የጽንሱን እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀውም በ18 እና በ20 ሳምንት መካከል ነው። ድንበሩ የመጻሕፍት ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በሐንበሊ መዝሀብ አራት ወር ሞልቶት ሞቶ የተወለደ ሕፃን ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ የጀናዛ ሶላትም ይሰገድበታል፤ ሳይሞላው ለወረደው ግን አይሰገድም። ሐዘንተኛው ቤተሰብ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ እንግዲህ የወሩ ቁጥር ነው፤ በርግጠኝነት የሚያውቀው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የእርግዝና ርዝመት ከነገረ ሥጋዌ ጋር የተሳሰረ ነው። ብሥራት መጋቢት 29፣ ልደት ታኅሣሥ 29 ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ አንድ ቀን ካልተሳበ ቆጠራው 276 ይሆናልና። ቤተ ክርስቲያኒቱ የበዓሉን ቀን አጽንታ የእርግዝናውን ርዝመት ከምታዛባ፣ ርዝመቱን አጽንታ ቀኑን ማዛወር መርጣለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቃል ሥጋ ሆነ ማለት እንደ ማንኛውም ልጅ በማህፀን የሚቆጠር ጊዜ አሳለፈ ማለት ስለሆነ፣ ቆጠራው ራሱ የእምነቱ አካል ነው። 275ቱ ቀን ከፅንሰት ተነሥቶ ስለሚቆጠር በሐኪም አቆጣጠር 41 ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆናል፤ ጤናማ እርግዝና ከሚደርስበት ወሰንም አይወጣም።

ጳጉሜን አዋላጇንም ታሳስባታለች። በጀርመናዊው ሐኪም በፍራንዝ ኔጌሌ ስም የሚጠራው የመውለጃ ቀን ቀመር የተሠራው በአውሮፓ ወሮች ነው። በኢትዮጵያ ወር ሲሠራ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ይደመራል፤ በመካከል ጳጉሜን ካለች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ይሆናል። በሦስቱም ድምሩ 280 ነው። ቀመሩ ግን መነሻ ቀን ይፈልጋል፤ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ተብላ የተጠየቀች እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ «እንጃ» ብላ ትመልሳለች።

ይህ «እንጃ» የዕውቀት ማጣት ተደርጎ መወሰዱ ትልቅ ስሕተት ነው። የሃይማኖት ሥርዓት የሴትን አካል ከቀን መቁጠሪያው ጋር ሲያያይዝ ኖሯል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ የወሩ ቀኖች በቅዱሳን ስም ይጠራሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም ነው። በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ የማትገባ ሴት የትኛውን በዓል በውጭ ቆማ እንደተሳለመች ታስታውሳለች። ሙስሊም ሴት በረመዳን በወር አበባ ምክንያት ያልጾመቻቸውን ቀኖች ቀዷ ማውጣት (በሌላ ጊዜ መጾም) ስላለባት ትቆጥራቸዋለች። ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች በጎንደር መንደሮቻቸው ሳሉ በየወሩ ለብቻ ጎጆ ይወጡ ስለነበር ቀኑን ራሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ጎረቤቶቻቸውም ያውቁት ነበር። ሥርዓቶቹ ሴትን ከማኅበር የሚለዩ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ሊነሣባቸው የሚችለው ጥያቄ ሌላ ነው። ለቆጠራው ግን ምልክት ትተዋል፦ ቁጥር ተጠይቃ ዝም ያለችው እናት «ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» ስትባል ብዙ ጊዜ የምትለው አላት። የምስክርነት ጥራት በጠያቂውም ላይ የተመካ ነው፤ በምስክሯ ቋንቋ ያልጠየቀ ሰው ምስክሯን ሊወቅስ አይገባውም።

ምስክርነት የሚነጥፍበትም ጊዜ አለ። የምታጠባ እናት የወር አበባ ሳታይ ልትፀንስ ትችላለች፤ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወስድ የቆየችም እንዲሁ። ያን ጊዜ አዋላጇ የማህፀኑን ከፍታ በሜትር ትለካለች፤ ከ20 ሳምንት በኋላ ሴንቲ ሜትሩ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባልና። ሜትሩ ግን የሚለካው መጠንን እንጂ ጊዜን አይደለም። መንታ ዕድሜውን ያስረዝማል፤ በወባ ወይም በምግብ እጥረት የቀጨጨ ጽንስ ደግሞ ከዕድሜው በታች ሆኖ ይታያል፤ ትንሽነትና ለጋነት ይምታታሉ። አልትራሳውንድም ቢሆን ርዝመት ለክቶ ዕድሜ የሚገምት መሣሪያ ነው። እስከ 14 ሳምንት ድረስ ጽንሶች ሁሉ እድገታቸው ስለሚመሳሰል ስሕተቱ ከሳምንት አይበልጥም፤ ከ28 ሳምንት በኋላ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲደረግ የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስሕተቱ ምን እንደሚያስከፍል የስቴሮይድ መርፌ ታሪክ ያሳያል። መርፌው ያለ ጊዜው ሊወለድ ላለ ሕፃን ሳንባ ማጠንከሪያ ነው። በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ የተካሄደውና በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ጥናት መርፌውን በገጠር ጭምር አስፋፋ፤ የጨቅላዎች ሞት ግን በጥቅሉ ጨመረ። መርፌውን ከወሰዱት እናቶች አብዛኞቹ ያለ ጊዜው ሕፃን የወለዱ አልነበሩም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ጥናት ዕድሜው በአልትራሳውንድ በተረጋገጠበትና የጨቅላ ክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ያው መርፌ ሞትን እንደቀነሰ አሳየ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በዙሪያው ያለው ዕውቀትና ክብካቤ ግን የተለያየ ነበር።

የሥነ ምግባር መምህራን በጥርጣሬ ጊዜ ጉዳት የማያስከትለውን መንገድ ምረጥ ይላሉ፤ ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ ያየ አዳኝ ሰው ሊሆን ይችላልና አይተኩስም። የጽንስ ዕድሜ ግን አዳኙ ያለውን አማራጭ አይሰጥም። መርፌውን መስጠትም መከልከልም ሊጎዳ ይችላል፤ ወሯ አልፏል ተብሎ ምጥ ማስጀመር ቀኑ ያልደረሰውን ሊያስወልድ፣ መጠበቅም ቀኑ ያለፈውን ሊገድል ይችላል። የሚሸሹበት የጥንቃቄ ወገን ሲጠፋ ኃላፊነቱ ከውሳኔው ሰዓት ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያው ክትትል ይሄዳል፤ ጥርጣሬው ጠባብ ሊሆን የሚችለው ያን ጊዜ ነውና። እናት ቀድማ የምትመጣበትን መንገድ ያላመቻቸ የጤና ሥርዓትም ከዚህ ተጠያቂነት አይወጣም።

ሐቀኝነት ቁጥሩን ከነስፋቱ መጻፍ ይጠይቃል። ለዓለም አቀፍ ንጽጽር ሞቶ የተወለደ ተብሎ የሚቆጠረው 28 ሳምንት የሞላው ነው፤ በሜትር ብቻ ተለክቶ «27» የተባለ ሕፃን ከዚያ ቆጠራ ውጭ ይቀራል፣ እውነተኛው ዕድሜው 30 ቢሆንም እንኳ። ካርዱ ላይ «27፣ በማህፀን ከፍታ፣ ቀኑ አይታወቅም» ተብሎ ቢጻፍ ግን ቀጥሎ የሚያነበው ሐኪም ቁጥሩን በልኩ ያምነዋል። በመጀመሪያው አልትራሳውንድ የተወሰነ ዕድሜም ዘግይቶ በተነሣ ሌላ ምስል አይለወጥም፤ የኋለኛው ልዩነት የሚነበበው የጽንሱን እድገት ለመመርመር ነው።