በማኅበር ስለ መላክ፤ ላስታ የምታስተምረን



በዘመናችን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቿን ወደ ባሕር ማዶ ለአገልግሎት ስትልክ እናያለን። ካህናትና ዲያቆናት፥ መምህራንና መዘምራን አንድ ማኅበር ሆነው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ፥ ወደ ሌሎችም አገሮች ይጓዛሉ፤ በስደት የተበተኑትን ያጽናናሉ፥ ያላወቁትንም ያስተምራሉ። ነገሩ መልካም ነው፤ መልካም ነገር ሁሉ ግን ሥርዓት አለው። ስለ መንገዱ ወጪና ስለ ማረፊያው ብዙ ይታሰባል፤ አብረው የሚሄዱት እንዴት በአንድ ልብ እንደሚያገለግሉ ግን ጥቂት ይታሰባል። ስለዚህ በማኅበር መላክ ምን እንደ ሆነ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከላስታ ተራሮች እንማር ዘንድ ወደድን። ላስታን የመረጥነው፥ ብዙ እጆች በኅብረት ለእግዚአብሔር የሠሩት ሥራ በዐይን እየታየ በዚያ ስለሚገኝ ነው።

አስቀድመን መላክ ከመሄድ የተለየ መሆኑን እናስተውል። የሚሄድ ሰው በራሱ ፈቃድ ይነሣል፤ የተላከ ግን የላኪውን ቃል ይዞ ይወጣል። ጌታችን ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው (ማር. 6፥7)። ሰባውንም አርድእት እንዲሁ ሁለት ሁለት አድርጎ እርሱ ሊሄድበት ወዳለው ከተማ በፊቱ ላካቸው (ሉቃ. 10፥1)። ብቻቸውን ሊልካቸው ሲቻለው ጥንድ አድርጎ መላኩ፥ ምስክርነታቸው በሁለት አፍ ይጸና ዘንድ፥ አንዱም ቢደክም ሌላው ይደግፈው ዘንድ ነው። በርናባስና ሳውልም ከአንጾኪያ የወጡት ማኅበረ ምእመናኑ ጾመው ጸልየው እጃቸውን ከጫኑባቸው በኋላ ነበር (ሐዋ. 13፥1-3)።

በአገራችንም የወንጌል ሥራ የተመሠረተው በዚህ ሥርዓት ነው። ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ፥ ቋንቋውንና ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ራሱን አልሾመም። ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ ይላክለት ዘንድ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ እንደማያገኝ አይቶ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት ራሱን ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው። ስለዚህም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። ዕውቀት ብቻ ሐዋርያ አያደርግም፤ መላክ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አጠገብ ትገኛለች። ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠበት ዘመን እንደ ታነጹ የሚነገርላቸው 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዚያ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው መንገድ ረጅምና የሚያስጨንቅ ስለ ነበረ፥ ለሕዝቡ በአገሩ ጎልጎታና ዮርዳኖስ ተሰየሙለት። ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አሠራር በማኅበር የሚላክ አገልጋይ ሦስት ነገር ይማራል።

አንደኛው መቀነስ ነው። ሌላ ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመጨመር ይሠራል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ዐለቱ ዙሪያውን ተቆፍሮ፥ ከጣራው ወደ መሠረቱ እየተወረደ፥ ውስጡም እየተፈለፈለ ተሠራ። መቅደሱ በዐለቱ ውስጥ የታየው የማያስፈልገው ሁሉ ስለ ተወገደ ነው። ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ አገልጋይም ብዙ ነገር ጨምሮ ለመታየት ሳይሆን ከራሱ ላይ ለመቀነስ ይዘጋጅ፤ ትምክሕቱን፥ የወንዜ ልጅ ማለቱን፥ የማዕረግ ፉክክሩን ጠርቦ ይጣል። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ያለ ከረጢትና ያለ ስንቅ መላኩ ይህንኑ ሊያስተምራቸው ነው።

ሁለተኛው መመካከር ነው። በግንብ ሕንፃ የተበላሸ ድንጋይ ቢኖር ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል። በውቅር ሕንፃ ግን አንዱ ጠራቢ ከወንድሙ ጋር ሳይመክር ከልክ አልፎ ቢመታ፥ የተፈነከተው ዐለት ወደ ስፍራው አይመለስም። አንዱ ዓምድ ሲያወጣ ሌላው መስኮት ይከፍታል፤ ሁሉም አንድ ልክ ካልያዙ ቤቱ ይፈርሳል። በሰው አገር የሚነገር ቃልም እንዲሁ ነው። በአንዲት አነስተኛ አጥቢያ ፊት መምህሩ ዲያቆኑን ቢነቅፍ፥ መዘምሩም ካህኑን ቢያማ፥ ማኅበሩ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ቁስሉ ግን በዚያች አጥቢያ ይቀራል።

ሦስተኛው ስውር ሥራ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ከእርሱ ለማውጣት ስንት ሸክም ፍንካች ድንጋይ እንደ ተጓዘ አስቡ። የክረምቱ ዝናብ እንዳይከማች በዐለቱ ውስጥ የውሃ መውረጃ ቦይ የቆፈሩም ነበሩ። ሳንቃውን አይቶ የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ቦዩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ቦዩ ባይኖር ሕንፃው እስከ እኛ ባልደረሰም። በማኅበርም ውስጥ የሚሰብክ አለ፥ ድስት የሚጥድ አለ፥ የታመመውን የሚጠይቅ አለ፥ መጻሕፍቱን የሚሸከም አለ። በእግዚአብሔር ፊት የአንዱ ዋጋ ከሌላው አያንስም።

እንግዲህ አለመግባባት በቅዱሳን መካከል እንኳ እንደ ደረሰ መጽሐፍ አይሰውርም። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ በመንገድ ተለይቶ ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)፤ ስለ እርሱም ጳውሎስና በርናባስ ተከራክረው ተለያዩ (ሐዋ. 15፥36-40)። ነገር ግን በዚያ አልቀረም። ጳውሎስ በእርጅናው ጊዜ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ ይመጣለት ዘንድ ጠራው (2ጢሞ. 4፥11)። ቤተ ክርስቲያናችንም የመለያየትን መራራነት ቀምሳለች። የሲኖዶሱ መከፈል ለ26 ዓመታት ያህል ቆይቶ፥ በባሕር ማዶ ያሉ የአንዲት እናት ልጆች አንዱ ከሌላው ደጅ ሳይገቡ በጥርጣሬ ሲተያዩ ኖሩ፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ተደረገ። ስለዚህ ዛሬ ወደ ውጭ የሚወጣ ማኅበር ወገን ሊያበዛ አይገባውም፤ የዳነውን ቁስል እንዳያመረቅዝ ይጠንቀቅ።

የሚሄደው እንግዳ ስለ ሆነ፥ መስጠትን ብቻ ሳይሆን መቀበልንም ይማር። ታኅሣሥ 29 ቀን ልደት ሲከበር፥ ብዙ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ወደ ላሊበላ የሚደርሱትን ምእመናን የአገሩ ሰዎች እግራቸውን አጥበው ይቀበላሉ። እንግዳው እግሩን ለመታጠብ መፍቀዱ ራሱ ትሕትና ነው፤ ጴጥሮስም አስቀድሞ እንቢ ብሎ ነበርና። ከሮም ግዛት የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳንም ከሁሉ አስቀድመው ቋንቋችንን ተማሩ፤ ከዚያም አረጋዊ በደብረ ዳሞ፥ አፍጼ በይሐ፥ ሌሎቹም በየስፍራቸው ገዳም መሠረቱ፥ መጻሕፍትንም ተረጎሙ። አገሩን ሳይሰሙ አገሩን አላስተማሩም።

በቅርቡም ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1970 አባ ላእከ ማንደፍሮ ወደዚያች ደሴት ተላኩ፤ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት ናቸው። በዚያ ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እርሳቸውም ሕዝቡን ሳይንቁ፥ እውነቱንም ሳይሸሽጉ በትዕግሥት አስተምረው ብዙዎችን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ያረፉትም ከትውልድ ምድራቸው ርቀው ነው።

ከላሊበላ ወዲያ በተራራ ዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የብዙ ሰዎች ዐፅም አለ። ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ የቀሩ መንገደኞች ናቸው ብሎ ትውፊት ይናገራል። ለእግዚአብሔር የወጣ ሰው መመለሻውን ቆርጦ አይወጣም።

ነገር ግን ሩቁን ስናስብ ቅርቡን አንርሳ። ጌታችን ምስክርነቱን ከኢየሩሳሌም አስጀምሮ ወደ ይሁዳና ወደ ሰማርያ፥ ከዚያም እስከ ምድር ዳር አደረሰ (ሐዋ. 1፥8)። በላስታ ገደላገደል እርሻቸውን እያረሱ የሚቀድሱ ካህናት አሉ። የባሕር ማዶው አገልግሎት የገጠሩን ደጅ ያለ አገልጋይ የሚያስቀር ከሆነ፥ አንዱን መብራት አጥፍቶ ሌላውን እንደ ማብራት ይሆናል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚላክ አስቀድሞ በአገሩ ገጠር ያገልግል፤ በዚያ ከወንድሙ ጋር መኖር ያልቻለ በባዕድ አገር አይችልምና።

ወንድሞች ሆይ፤ ማኅበር ሆናችሁ የምትወጡ፥ ከመውጣታችሁ በፊት አብራችሁ ጹሙ፥ እርስ በርሳችሁም ይቅር ተባባሉ፤ ከአባቶች ቡራኬ ተቀበሉ። በሄዳችሁበት አንዱን አለቃ አድርጋችሁ ታዘዙ፤ የሚሰጣችሁን ገንዘብ በግልጥ ቁጠሩ፤ ቅሬታችሁን በመካከላችሁ በጸሎት ጨርሱ። ስትመለሱም ጳውሎስና በርናባስ በአንጾኪያ እንዳደረጉት እግዚአብሔር የሠራውን ለላካችሁ ማኅበር ተናገሩ (ሐዋ. 14፥27)፤ የሠራችሁትን አትቁጠሩ። የላሊበላን ዐለት የጠረቡት ስማቸውን በግድግዳው ላይ አልጻፉም፤ ሥራቸው ግን ይኸው 800 ዓመት ያህል ቅዳሴ ይቀደስበታል።

የሐዋርያት አምላክ ልባችንን አንድ ያድርግልን፥ የተላኩትን ይጠብቅልን፥ የቀሩትንም ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።