የወደዱት ሁሉ የራስ ነውን?

ባለፈው ሰሞን ቀድሞ ያስተማርኩት አንድ ወጣት በማእከሉ ኮምፒዩተር የሠራውን ጨዋታ አሳየኝ። ጀግናው ሶኒክ የሚባለው ሰማያዊ ጃርት ነው፤ የሚሮጠው ግን በእኛው ድንኳኖች መካከል፣ የውኃ ወረፋውን እየዘለለ ነው። በጣም ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ለዓለም ሁሉ ባሰራጨው ይከሱኛል ወይ?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ።

ጥያቄው የሕግ ብቻ አይደለም። አንድን ነገር አብዝቶ መውደድ፣ በላዩም መድከም፣ የባለቤትነት ድርሻ ያስገኛልን?

እስቲ የሆነውን እንመልከት። የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውን ሁለተኛውን የሜትሮይድ ጨዋታ አንድ አርጀንቲናዊ አድናቂ አሥር ዓመት ያህል ደክሞበት እንደ አዲስ ሠራውና በነሐሴ 2016 በነጻ አደለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩባንያው አስነሣው። በዚያው ወር ፖኬሞን ዩራኒየም የተባለ፣ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ የአድናቂዎች ሥራ ከ1.5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ከተወሰደ በኋላ በጠበቆች ማስጠንቀቂያ ምክንያት ሠሪዎቹ ራሳቸው አነሡት። በ2017 ደግሞ ኒንቴንዶ ያንኑ የሜትሮይድ ጨዋታ በራሱ በኩል አሳድሶ ለገበያ አቀረበ። እዚህ ላይ ሰው ቢቈጣ አይፈረድበትም።

«በነጻ ነው የሰጠሁት» ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። የጀግናው መልክ፣ ዜማው፣ ሥዕሉ ባለቤት አላቸው፤ መሮጥና መዝለል የሚለው ሐሳብ ግን የማንም አይደለም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን አገላለጹን ነው።

እኛ ያደግነው ተረት ባለቤት በሌለው አገር ነው። አያቴ ስለ ጦጣና ስለ ዝንጀሮ ስትነግረን ከማን ሰማሽው ያላት የለም፤ እኛም ጨምረን ቀንሰን ለታናናሾቻችን አወራን። ስለዚህ ኩባንያውን ስግብግብ ለማለት ቸኩዬ ነበር። ያቆመኝ የራሴ ትዝታ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ያዘጋጀሁትን የፊደል ማስተማሪያ ደብተር አንድ ባልደረባዬ ሳይጠይቀኝ ገልብጦ፣ ከእኔም አሳምሮ፣ ለሌሎች አደለው። ደግ ሥራ ነበር፤ ልጆቹም ተጠቀሙበት። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዛሬም ሳስበው ይቆረቁረኛል። ደብተሩ በገንዘብ ቢተመን ምንም አያወጣም ነበር እኮ።

ሁሉም ኩባንያ በእርግጥ አንድ አይደለም። የሶኒክ ባለቤት ሴጋ በ2017 የወጣውን ሶኒክ ማኒያ ያሠራው ከእነዚሁ አድናቂዎች መካከል የወጡ ሰዎችን ጠርቶ ነው። ይህን ስነግረው የልጁ ዓይን በራ። ቶሎ ብዬ፣ ችሮታ መብት አይደለም፣ ነገ አለቃው ቢለወጥ ሐሳቡም ይለወጣል አልኩት። በሰው ፈቃድ መኖር ምን እንደሆነ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን።

«ጃርቱን አውጣው፤ ድንኳኑና ወረፋው የአንተው ናቸው» ብለው፣ «ጋሼ፣ ያለ ጃርቱ ማን ያየዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የታወቀ ስም ሰው ይጠራል፤ የእኛን ወረፋ ብሎ የሚመጣ የለም። ለዚህ እስከ ዛሬ የምመልስለት አላገኘሁም።

ጃርቱን ገና አላጠፋውም፤ ጨዋታውንም አላሰራጨውም። ትናንት ሳየው ግን ከወረፋው መካከል ቢጫ ጀሪካን የያዘች አንዲት ልጅ ሥሎ አስገብቷል። መራመድ ችላለች፤ መዝለሉን ገና እያስተማራት ነው።