ሌባ የማይመኘው ቫዮሊን

በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን ዳርቻ ካቴውራ የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈር ይባል እንጂ የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ጥግ ላይ የተጠጋ የድሆች መንደር ነው። የብዙው ነዋሪ መተዳደሪያ ከክምሩ ውስጥ ፕላስቲኩን፣ ካርቶኑንና ብረቱን ለቅሞ መሸጥ ነው። የእኛ ቁራሌው ጣሳና አሮጌ ጫማ ፍለጋ በየመንደሩ ይዞራል፤ ለካቴውራ ሰዎች ግን ከተማው ትርፍራፊውን በመኪና ጭኖ ደጃቸው ድረስ ያመጣላቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ፋቪዮ ቻቬዝ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ለሥራ እዚያ ይደርሳል። ሰውየው ሙዚቃም ያስተምር ነበርና የለቃሚዎቹን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ግን ልጆቹ በዙና መሣሪያው አነሰ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ኒኮላስ ጎሜዝ የሚባል፣ ሰፈርተኛው «ኮላ» እያለ የሚጠራው፣ አናጢነት የሚያውቅ ቆሻሻ ለቃሚ የመጣው። ኮላ ከቀለም ጣሳ ቫዮሊን ሠራ። የክሮቹ ጫፍ የሚታሰረው በሹካ ላይ ነው። ከዘይት በርሜል ቼሎ ሠሩ፤ ከመቃኛዎቹ አንዱ ቀድሞ ሥጋ መደብደቢያ የነበረ ዕቃ ነው። ከውኃ ቧንቧ ሳክስፎን ሠሩ፤ ቁልፎቹ የጠርሙስ ክዳንና ሳንቲም ናቸው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሜታሊካ ጋር በደቡብ አሜሪካ መድረኮች ላይ ተጫወተ፤ በ2015 ደግሞ «ላንድፊል ሃርሞኒክ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ወጣለት። ዓለም አየ፣ አለቀሰ፣ አጨበጨበ።

መቼም ጭብጨባ ደስ ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ቻቬዝ ነገሩን ሲያስረዳ የሰጠው ምክንያት ነው። በካቴውራ አንድ ደህና ቫዮሊን ከአንድ ቤት የበለጠ ያወጣል። ለልጅ ብትሰጡት ወይ ይሰረቅበታል፣ ወይ ቤት ውስጥ የቸገረው ሰው ይሸጥበታል። ከጣሳ የተሠራው ግን ገዢ የለውም። ገዢ ስለሌለው ሌባም የለውም። ስለዚህ ልጁ በብብቱ ሸጉጦት በሰፈሩ መሐል በሰላም ያልፋል።

ይሄንን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት እስቲ። አንድ ልጅ «የኔ» የሚለው ዕቃ እንዲኖረው ዕቃው ለሌላው ሰው ሁሉ ከንቱ መሆን አለበት ማለት እኮ ነው። ባለቤትነቱን የጠበቀለት ሕግ አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፣ የበር ቁልፍም አይደለም፤ የጣሳው ርካሽነት ነው። ስለ ንብረት መብት ብዙ የተጻፈ አለ፤ ከዚህ የበለጠ አንገት የሚያስደፋ ምሳሌ ግን አላጋጠመኝም።

ለዚህም ይመስላል ጭብጨባው የሚያንገሸግሻቸው ሰዎች ያሉት። «ድህነትን ማስጌጥ ነው» ይላሉ። ሀብታሙ አዳራሽ ገብቶ ያለቅሳል፣ ቀሎት ይወጣል፣ ክምሩ ግን እዚያው ነው። እውነታቸውን ነው። የቆሻሻ ክምር ቅኔ እንዳልሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲውጥ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ከቆሻሻ መሐል ስለሚወጣ ውበት የሚያወራ ሰው ምላሱን ቢቆጥብ አይጠላም።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹ ስለ ክምሩ ልክ የሆኑትን ያህል ስለ ቫዮሊኑ ልክ አይመስሉኝም። ቫዮሊን እንደ ምስኪን ፎቶግራፍ ታይቶ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ይፈተናል። የክር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በውፍረቱና በውጥረቱ ነው፤ ክሩ ደሃ ቤት መወጠሩን አያውቅም። ጣሳው ድምፁን ያጎላል፣ ጠባዩንም ይሰጠዋል፤ አንገቱ ከጎበጠ ግን፣ ወይ መቃኛው ከላላ፣ ኖታው ይወድቃል። ኮላ ጣሳውን የቆረጠው፣ እንጨቱን የሞረደው ይሄንን ፈተና ለማለፍ ነው እንጂ ሰው እንዲያዝንለት አይደለም። በዚያ የበርሜል ቼሎ ላይ አንድ ልጅ የባኽን የመጀመሪያውን የቼሎ ስዊት መግቢያ ሲጫወት ተቀርጿል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ካልሆነም አይደለም። ልጁን ማክበር ማለት ለእኔ እንዲህ መስማት ነው። የተዛባውንም «ለሱ ይበቃዋል» ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ርኅሩኅ መስሎ ልጁን ከሙዚቀኞች ተራ ያወጣዋል።

እኛ ዘንድ ይሄ ነገር ብዙም አያከራክርም። ከበሮ ከጠፋ ጀሪካን ይመታል፤ ሠርጉም አይቀር፣ ጭፈራውም አይቀዘቅዝ። የክራር ክር ድሮ ከአንጀትና ከጅማት ነበር፣ ዛሬ ናይለን ነው፤ ድምፅ ማጉያው አካልም ከእንጨት ገበቴ ሌላ የብረት ጎድጓዳ ሳህን የሚሆንበት ጊዜ አለ። ታዲያ «የሳህን ክራር እንዴት ያሳዝናል!» ሲባል ሰምታችኋል? ክራሩ ካልተቃኘ ነው የሚያሳዝነው።

የካቴውራ ልጆች ዕዳ ሌላ ነው። መሣሪያቸው ሁልጊዜ ከእንጨቱ ቫዮሊን ጋር ይነጻጸራል፤ የሌላው ምትክ ነውና። በትሪኒዳድ የሆነው እንዲህ አልነበረም። በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በካርኒቫል የከበሮ ምት ላይ ገደብ ሲጥሉ የደሃው ሰፈር ወጣት ወደ ቀርከሃ ዞረ፤ በ1930ዎቹ የብስኩት ጣሳ፣ የቆሻሻ መጣያ ቆርቆሮና የመኪና ፍሬን ከበሮ ያዘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የነዳጅ በርሜል። የበርሜሉን መቀመጫ በመዶሻ እያጎደጎዱ ኖታ በኖታ ቃኙት። መጀመሪያ «የዱርዬ ጩኸት» ነበር፣ ፖሊስም ያሳድዳቸው ነበር። በ1951 ግን ቡድናቸው ለንደን ሄዶ በብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2023 የስቲልፓን ቀን ብሎ ነሐሴ 5ን ሰይሞለታል። ስቲልፓን የማንም ምትክ አይደለም። ጥሩ የተቃኘ አንዱ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፣ ይቆለፍበታልም። በርሜሉ ድሮ ምን ተሞልቶበት እንደነበር የሚጠይቅ ብዙም የለም፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚጠያየቁት ማን እንደቃኘው ነው።