ከሳሎኑ በፊት ማድ ቤቱ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ የወላጆቹን የገበሬ ቤት የሚያድስ ልጅ በዝቷል። አባት ባሕር ዛፍ ማግሮ፣ በጭቃ መርጎ የሠራው ቤት ሳሩ ይነሳና ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ሳሎኑ ሴራሚክ ይነጠፍለታል፣ ኮርኒስ ይገባለታል፣ የጥር ሠርግ ሳይደርስ ግድግዳው ቀለም ይቀባል። ወላጆቹን ያልረሳ ልጅ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ከእድሳቱ ሁሉ ወደ ኋላ የሚቀር አንድ ቤት አለ፤ ማድ ቤቱ። ተራው ሲደርስ ገንዘቡ አልቋል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» እንዲሉ፣ እንግዳ የሚያርፍበት አምሮ እናት የምትውልበት እንደጠቆረ ይቀራል። ይህን ቅደም ተከተል እንገልብጠው፤ እድሳት ከማድ ቤት ይጀምር።

እስቲ ወደ ጓሮው ዘልቃችሁ በደንብ እዩት። በሩ ጎንበስ ያሰኛል፤ መስኮት የለውም። ከጣራው ሥር ጥቀርሻው ተንዠርግጓል፤ ግድግዳውን የነካ ጣት ጠቁሮ ይመለሳል። እናት ከጉልቻው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ እሳቱን እፍ ትላለች። አክንባሎውን ባነሳች ቁጥር እንፋሎቱና ጭሱ ተደባልቀው ፊቷ ላይ ይወጣሉ። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ሊጥ ትቀዳለች፣ ምጣዱን ታሰማለች፣ ደግማ እፍ ትላለች። ብዙ ጊዜ ሕፃን በጀርባዋ ላይ አለ። በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ይኸው ይደገማል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ ይረጥባል፣ በሩም ለዝናቡ ሲባል ይዘጋል። ከብት በሚበዛበት በሱሉልታ ሜዳ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ከደረቅ እንጨት የበለጠ ይጨሳል።

ብዙዎቻችን ሳናስተውል ነገሩን ያባባስነው እኛው አዳሾቹ ነን። የሣር ክዳን ጭስን በየቀዳዳው ያሾልክ ነበር፤ ጭሱም ሣሩንና ማገሩን ከነቀዝ ይጠብቅ ነበር፤ አባቶቻችን ጭሱን የታገሡት ያለምክንያት አልነበረም። ቆርቆሮ መትተን፣ በግድግዳውና በጣራው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ስንደፍነው ግን ጭሱ መውጫ አጣ። የሚጠበቅ ሣር የለም፤ የሚታፈን ሰው ግን አለ። ጣራ የለወጠ ሰው ለጭሱም መንገድ የማበጀት ግዴታ አለበት።

ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ጭሱ የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያስከትላል፤ ከዓይን ሞራም ጋር ይያያዛል። በአገራችን እጅግ የሚበዛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ነው። እናቴ ሳል አልለቅ አላት ብላችሁ ከሐኪም ሐኪም ስታመላልሱ፣ የምትጋግርበትንም ቤት መርምሩ።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» የሚል ይኖራል። ወጡስ ባይጣፍጥ? እኛ የምንጨነቀው ወጡን ለምትሠራው ሰው ዓይንና ደረት ነው። ሌላው ደግሞ «የእንጨት እንጀራ ጣዕሙ ልዩ ነው» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጣዕሙን የሚያደንቀው ሳሎን ተቀምጦ የሚበላው ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ጋጋሪዋ ናት።

ሦስተኛው ምክንያት ከባድ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን እርሻው ወደ ሰፈርነት ሲለወጥ ቆይቷል። «ነገ ለሚፈርስ ቤት ለምን ገንዘብ አፈሳለሁ?» የሚል ሰው ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለእሱ የምለው ይህን ነው፦ ተነቅሎ ከሚሄደው ጀምር። የተሻሻለ ምድጃ ከቤት ጋር አይፈርስም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ተጭኖ ይሄዳል። መስኮት ማውጣት የሁለት ቀን ሥራ ነው። የእናትህ ሳንባ ግን ካሳ ተከፍሎበት ሌላ ቦታ የሚተካ አይደለም።

ሥራውን ስትጀምሩ አናጺውን ከመጥራታችሁ በፊት የምታበስለዋን ጠይቁ። በቅርብ ጊዜ በሚታደሱ ቤቶች አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ፦ ከሳሎኑ ጎን ካቢኔ የተደረደረበት፣ ግራናይት የተነጠፈበት ኩሽና ይሠራና ስኒ ይታጠብበታል፤ እንጀራው፣ ድፎው፣ የበዓሉ ዶሮ ወጥ ግን አሁንም ከጓሮው የቆርቆሮ ጭስ ቤት ይወጣል። ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ መጋገር የምትፈልገው? ቡሃቃው የት ይቀመጥ? ውኃው በየት ይግባ? መልሱን ከእሷ ሳይሰሙ የሠሩት ኩሽና ለፎቶግራፍ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ አየሩን አስተካክሉ። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ ከጣራው ከፍተኛ ቦታ ዝናብ የማያስገባ መውጫ ክፈቱለት፤ ከበሩ ትይዩ መስኮት አውጡ። የጭስ ማውጫ ቱቦ ካስገባችሁ ጫፉ ከጣራው ጫፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከእንጨቱ ይራቅ፤ ጥቀርሻውም በየጊዜው ይጠረግ። የጭቃ ግድግዳን በቀጥታ በሲሚንቶ አትለስኑ። ጭቃ እርጥበት ሲስብና ሲደርቅ ያብጣል፣ ይጨማደዳል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ተሰንጥቆ ይላቀቃል፣ ውስጡም እርጥበት ያፍናል። በጭድ የተቦካ ጭቃ መርጋችሁ ኖራ ብትቀቡት ይበልጥ ይቆያል፤ ቤቱም ይበራል። ይህን ሁሉ በበጋ ጨርሱት።

ምድጃውን ደግሞ እንዳቅማችሁ ምረጡ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ለእንጀራ ተብሎ የተሠራው ምርት ምድጃ በሲሚንቶ ተቀርጾ ክፍል በክፍል የሚገጣጠም ነው፤ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚይዘው ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውምና መስኮቱን አይተካም። ከብት ያላችሁ ባዮጋዝን አስቡበት፤ ለእንጀራ ምጣድ እምብዛም ባይበቃ ለወጥና ለቡና ይሆናል። መብራት ካለ ከሁሉ የሚሻለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ነገር ግን ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ስለሚስብ ከማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር በባለሙያ ይዘርጋለት። እንጨትና ጭድ ባለበት ቤት የጋለ ሽቦ እሳት ነው። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ምርት ምድጃውን ከጎኑ አኑሩት።

ይህ ምክር ለእናት ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ጭሱ ውስጥ የምትውለው ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ናት፤ እሷም የሰው ልጅ ናት፤ ሳሏ የማይሰማን ደመወዝ ስለከፈልን ከሆነ ልባችንን እንመርምር። ግቢያቸውን ከፋፍለው የሚያከራዩም እንዲሁ፤ ለብዙ ተከራይ አንድ የታፈነ ማድ ቤት ሰጥቶ ኪራይ መቀበል ሕሊናን ሊቆረቁር ይገባል። ወንዶችም ማድ ቤት የሴት ነው ብለን ከወጪውም ከሥራውም አንሽሽ። በእሳቱ ፊት አንድ ቀን ሙሉ ጋግሮ ያየ ወንድ ለመስኮቱ ገንዘብ ለማውጣት አያመነታም።

እንግዲህ የዘንድሮ ዕቁባችሁ ሲወጣ ወይም መኸሩ ተሽጦ እጃችሁ ገንዘብ ሲገባ፣ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሴራሚኩ ይቆይ። እንግዳ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጦ ቢበላ አይጎዳም። መስኮቱን አውጡ፣ ምድጃውን ግዙ፣ ሽቦውን አስዘርጉ። ሳሎኑ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።